አጭሯ ጣት

«ማሚ፣ አንቺ ስታነቢውና ቲቸሬ ስታነበው ታሪኩ ለምንድን ነው የሚለያየው?»

ሔራን ይህን ስትጠይቅ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዳላስ አጠገብ ባለችው ሜስኪት፣ ከአፓርትመንታቸው ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እናቷ ጸጉሯን እየጎነጎነችላት ነው። የእናቷ የየትምወርቅ እጅ ሚዶውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። መልሱ ጠፍቷት አይደለም። መልሱ ሁለት ቃል ነው፤ ግን እናት ሆኖ እሱን ለልጅ መንገር ከድንጋይ ይከብዳል። «አንገትሽን ቀጥ አድርጊ፣ ጉንጉኑ ይጣመማል» ብላ አለፈችው።

ማንበብ አትችልም።

ፊደል ሳትቆጥር አድጋ፣ ፊደል ሳትቆጥር አግብታ፣ ለባሏ ለክፍሉ ዲቪ ሲደርሰው ሔራንን አዝላ ዳላስ ገባች። ክፍሉ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ የቤቱን ደብዳቤ እሱ ያነባል፣ ፎርሙን እሱ ይሞላል። እሷ አዲሰን በምትባል አጎራባች ከተማ ውስጥ ባለ ስምንት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ታጸዳለች። ሥራዋ በአብዛኛው መስተዋት ነው፤ የመስተዋት በር፣ የመስተዋት ግድግዳ፣ የሊፍት መስተዋት።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ግን በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ በቦርሳዋ ይዛ ትመጣና «አንብቢልኝ» ትላለች። የትምወርቅም መላ ዘየደች። ገጹን ገልጣ ሥዕሉን አተኩራ ታየዋለች፤ ከዚያ ያየችውን በአማርኛ ትተርካለች። ልጅቷ እናቷ ከእንግሊዝኛው እየመለሰችላት ስለሚመስላት አትጠረጥርም። «ድገሚልኝ» ብትባል እንዳይዛነፍባት የተናገረችውን ሁሉ በልቧ ትይዘው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዘለቀች።

በሁለት ሺህ ስምንት መስከረም ላይ የመጣው መጽሐፍ ግን ጣጣ ይዞ መጣ።

መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። አባቷ የወረቀት ጃንጥላ ሠሪ ነው። ልጅቷ የአንዱን ጃንጥላ እጀታ ቀይ ትቀባለች። ዝናብ ይመጣል፤ አንድ ረጅም ሰውዬ ብቅ ይላል፤ ጃንጥላው ከእሷ እጅ ወደ እሱ እጅ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ከተማውን ሲዞር ባለፈበት ሁሉ ቀይ ቀይ ነገር ይታያል፤ በሩ ላይ፣ ዳቦው ላይ፣ በነጭ ፈረስ አንገት ላይ፣ የዳኛው ወንበር ላይ ሳይቀር።

«ቲቸሬ ስታነበው ልጅቷ ካይንድ ናት፣ ደግ ናት» አለች ሔራን። «ጃንጥላዋን ሰጠችው። ሶ፣ ሰውዬው የነካው ሁሉ አበባ ሆነ። አንቺ ግን ሌባ ነው አልሽ።»

አዎን፣ ሌባ ነው ብላለች። ያየችው ያንን ነበር። ልጅቷ እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ ጣቶቿ ነጥተዋል፤ የሚሰጥ ሰው እንዲህ አይጨብጥም። ቀለሙም ገና አልደረቀም። ሰውዬው ሲነጥቃት መዳፉ ቀላ። ቀይ ቀዩ ነገር አበባ ሳይሆን የእጁ አሻራ ነው። የእጅ አሻራ ምን እንደሚመስል ደግሞ ለየትምወርቅ ማንም አይነግራትም፤ በቀን ሁለት መቶ እጅ ከመስተዋት ላይ የምታጠፋ ሴት ነች። የቸኮለ ሰው በር ሲገፋ ምን ትቶ እንደሚሄድ፣ የሚደበቅ ሰው በጣቱ ጫፍ እንዴት እንደሚነካ ታውቃለች። ደግሞም በእያንዳንዱ አሻራ ላይ ትንሿ ጣት አጭር ናት። አበባ ቢሆን ኖሮ በየገጹ በዚያው በአንዱ ወገን ብቻ አያጥርም ነበር።

ሔራን መልስ ስታጣ አርፋ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም። ጸጉሯ ተጎንጉኖ እንዳለቀ መጽሐፉን ብድግ አድርጋ ከፊት ለፊታቸው ያለውን በር አንኳኳች።

እዚያ የምትኖረው ሚስ ፋንግ ሩዪን የምትባል የስድሳ ዓመት ቻይናዊት ነች። ሥራዋ ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል መሳል ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ የትምወርቅ አንቱ ባለቻት ነበር፤ የሚግባቡት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱ ስለማያውቅ፣ አንቺ ተባባሉ። የትምወርቅ ከቀትር በኋላ ሥራ ስትገባ ሔራን እዚያ ትቆያለች። የሚስ ፋንግ ቤት ሶፋ የለውም። መስኮቱ ሥር ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ብሩሾቹ በውፍረታቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል። ያልደረቀ ሥዕል መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል፤ መታጠብ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ሥዕል ማውረድ አለበት።

«ሚስ ፋንግ፣ አንቺ ጃጅ ሁኚና ፍረጂን» አለቻት ሔራን። «ይሄ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው ወይስ ሌባ? ቲቸሬ ጥሩ ነው ትላለች። ማሚ ሌባ ነው ትላለች።»

ሚስ ፋንግ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። መጀመሪያ ሽፋኑን አየች። ከዚያ ገለጠች። ከዚያ እንደ ገና ሽፋኑን አየችና እዚያ ላይ የተጻፈውን ስም በጥፍሯ ፈቀፈቀችው፤ ስሙ ግን አልተፋቀም።

የትምወርቅ ሚዶ በእጇ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ደረሰች። ልጇ ሰው አስቸግራ እንደሆነ ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው።

«ሌባ መሆኑን ከየት አወቅሽ?» አለቻት ሚስ ፋንግ። «ጽሑፉ እንዲህ አይልም።»

የትምወርቅ ሔራንን ወደ ቤት ላከቻት። ልጅቷ በሩን እስክትዘጋ ጠበቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጽሑፉን አላነበብኩም። ማንበብ አልችልም። እጁን አይቼ ነው።»

ሚስ ፋንግ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ እንባ አላቀረረም፤ ፊቷ ግን እንደ ታጠበ ሸራ ነጣ።

«ይህን መጽሐፍ እኔ ነኝ የሳልኩት» አለች። «ከእኔ ሌላ ያነበበው ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ከዚያ ታሪኳን ነገረቻት፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅባት በእርሳስ እየሳለች።

ሚስ ፋንግ በሃያ ዓመቷ ናንጂንግ ውስጥ አንድ የልጆች መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። እዚያ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥዕል ስትሥል ኖረች። የሠዓሊዎቹ አለቃ ወረቀት መቁረጫ ማሽን ትንሿን ጣቱን ያሳጠረበት ሰውዬ ነበር። እሱ መሳል አይችልም። በየወሩ መጨረሻ የእሷን ሥዕል ይሰበስብና የገዛ ስሙን ይጽፍበታል። መጽሐፎቹ ተሸለሙ፤ ሽልማቱን እሱ ተቀበለ። አንድ ቀን ስሜ ለምን አይጻፍም ብላ ብትጠይቀው «አንቺ እጅ ነሽ፤ ስሙ እኔ ነኝ» አላት። የጃንጥላዋን ልጅ ታሪክ በልቧ የጀመረችው ያን ቀን ነው። ሳትስለው ዓመታት ተቆጠሩ፤ ልጇ ዳላስ አጠገብ ፕሌኖ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይዞ የልጅ ልጅ እንድታሳድግለት ወደ አሜሪካ ሲያመጣት፣ ሕፃኑ ሲተኛ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ሳለችው።

እሷ ስትሠራ ቃል የሚባል ነገር መጀመሪያ አታስገባም። ወረቀት አጥፋ ሠላሳ ሁለት ገጽ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ትሰፋለች፤ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ብቻ ትነድፈዋለች። ያለ ቃል ካልተነገረ ሥዕሉ ወድቋል ማለት ነው፤ እንደ ገና ትጀምራለች። ያንን ስታጠናቅቅ ነው በቀለም የምትሠራው። በእያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ደግሞ በድንጋይ የተቀረጸ ቀይ ማኅተሟን ታሳርፋለች፤ በአገሯ ልማድ ማኅተም ያላረፈበት ሥዕል አባት የሌለው ልጅ ነው።

የልጇ ጎረቤት አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ሥዕሉን አየች፣ ወደደች። «ቃሉን እኔ እጽፍልሻለሁ፤ የሁለታችንም ስም ይወጣል» አለቻት። ሚስ ፋንግም ሥዕሎቹን በሙሉ ሰጠቻት። ከስድስት ወር በኋላ ሴትዮዋ አሳታሚው አልተቀበለውም፣ ሥዕሎቹም ዕቃ ስናንቀሳቅስ ጠፉ አለቻት። ሚስ ፋንግ አመነቻት። ከምራቷ ጋር አልስማማ ብላ ሜስኪት ከገባች ይኸው ሁለት ዓመቷ ነው።

«እይ ጥጉን» አለች ገጹን ለየትምወርቅ እያዞረች። ጥጉ ባዶ ነጭ ነበር። «ማኅተሜን በኮምፒውተር አጠፋችው። እጁን ግን አላጠፋችውም፤ አበባ መሰላት።»

«ማን ናት ሴትዮዋ?»

ሚስ ፋንግ ከሽፋኑ ላይ ፊደሉን እየለቀመች አነበበችላት። ወ-ሰ-ን-የ-ለ-ሽ እንግዳ፤ ደራሲና ሠዓሊ።

የትምወርቅ ሚዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወሰንየለሽ እንግዳን ታውቃታለች። በየቅዳሜው፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አዲሰን ላይ በተከራየው አዳራሽ፣ ለዘጠኝ ሴቶች ፊደል የምታስተምረው እሷ ነች። የትምወርቅ ለልጇ «ኦቨርታይም አለብኝ» እያለች የምትሄደው ወደዚያ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ወሰንየለሽ ወደ ሰሌዳው አውጥታት «መ» ጻፊ አለቻት። የትምወርቅ ፊደሏን ገልብጣ ጻፈቻት። ወሰንየለሽ ወደ ሌሎቹ ዞረችና «የኛ ነገር፤ ስሟ ወርቅ፣ እጇ መዳብ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። የሳቁት ከመፍራት የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ የትምወርቅ ግን ያን ቀን በአውቶቡስ ስትመለስ እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አላነሣቻቸውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

«በኅዳር መጨረሻ የመጽሐፉ ምርቃት አለ» አለች የትምወርቅ። «ለሁላችንም ጥሪ ሰጥታናለች።»

ሚስ ፋንግ በማግሥቱ ለልጇ ስልክ ደወለች። ልጇ «እማማ፣ ተዪው። የተፈራረምሽው ወረቀት የለም፤ እሷ ደግሞ ጎረቤቴ ናት» አላት። የቀራት ማስረጃ ያቺ በእርሳስ የተነደፈች ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ቢሆን ወሰንየለሽ ከእኔ ነው የገለበጠችው ማለት ትችላለች።

«ፍርድ ቤት አልሄድም» አለች ሚስ ፋንግ። «በሰው ፊት የወሰደችውን በሰው ፊት ትመልስ። ግን እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? ሥዕሉ ይናገር። አንብቢው አንቺ።»

የትምወርቅ ገባት። ያንን ሥዕል ያለ ቃል ለማንበብ ማንበብ የማይችል ሰው ያስፈልጋል፤ አለመቻሉንም በሰው ሁሉ ፊት የሚናገር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ደግሞ ሔራን ትኖራለች።

ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሦስቴም ከአጥሩ ሳታልፍ ተመለሰች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ቂሙን አስቀምጣ መግባት ትችል ነበር፤ አልፈለገችም። እንደ ድስት ክዳን ይዛው ከረመች፤ ብትለቀው ውስጡ ያለው የሚፈስ መሰላት። ሥራ ቦታ መስተዋት ስትወለውል የምትናገረውን ትለማመዳለች፤ ትንፋሿ መስተዋቱ ላይ ጉም ይሠራል፤ መልሳ ትወለውለዋለች።

ከክፍል ጓደኞቿ ለዘርትሁን ብቻ ነገረቻት። ዘርትሁን ልብስ ማጠቢያ ሎንደሪ ውስጥ የምትሠራ ነገር አዋቂ ሴት ነች።

«ጥሩ፣ አዋረድሻት እንበል» አለች ዘርትሁን። «ከዚያ ማን ያስተምረናል? አንቺ?»

«ሌባ ከሚያስተምረኝ ደንቆሮ ልሁን።»

«አንቺ ሁኚ። እኔን ለምን ትጨምሪኛለሽ?»



ምርቃቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ፣ ልጆች ከፊት ወንበር ተደርድረው፣ ያልተቆረሰ ኬክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከኬኩ አጠገብ ስድሳ መጽሐፎች እንደ ጡብ ተቆልለዋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ይርጉ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት፣ መርቀው ከፈቱ። ወሰንየለሽ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር እያሳየች በአማርኛም በእንግሊዝኛም አነበበች። ድምፅዋ ያምራል፤ እሱን ጠላትም አይክደውም። ሚስ ፋንግ ከኋላ ረድፍ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ባዕድ እንግዳ ተቀምጣለች። ወሰንየለሽ አላየቻትም።

ጭብጨባው ሲያበቃ የትምወርቅ እጇን አወጣች።

«የኔ ተማሪ ናት» አለች ወሰንየለሽ ወደ ሕዝቡ ፈገግ ብላ። «ኦኬ የትምወርቅ፣ ጠይቂ።»

«እትዬ ወሰንየለሽ፣ ያ ቀይ ቀዩ ነገር ምንድን ነው?»

«አሁን አነበብኩት እኮ። አበባ ነው።»

«እኔ አበባ አላየሁም።»

ከወዲያ ከወዲህ ሳቅ ተሰማ። ወሰንየለሽ መጽሐፍ አንሥታ፣ ገልጣ፣ ማይክሮፎኑንም ጨምራ ወደ እሷ ዘረጋች። ምን እያደረገች እንደሆነ በሚገባ ታውቃለች። «እንግዲያው ይቺን ገጽ ለእንግዶቻችን አንብቢልንና ጽሑፉ የሚለውን አንድ ላይ እናያለን።»

የትምወርቅ ማይክሮፎኑን ተቀበለች፤ መጽሐፉን አልተቀበለችም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ክፍሉ ራሱን አቀርቅሯል። አጠገቡ ሔራን እግሯን እያወዛወዘች እናቷን በኩራት ትመለከታለች፤ እናቷ እንደምታነብ አልተጠራጠረችም።

«አልችልም» አለች የትምወርቅ። የድምፅ ማጉያው ቃሏን ወደ ራሷ መለሰላት። «ማንበብ አልችልም። ሔራንዬ፣ የኔ ታሪክ ከቲቸርሽ የሚለየው ለዚህ ነው። ቃሉን ስለማላውቀው ሥዕሉን ነበር የማነብልሽ።»

የልጅቷ እግር መወዛወዙን አቆመ። የትምወርቅ ልጇን ማየት ፈርታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«እኔ እዚሁ ከተማ የመስተዋት በር ነው የምወለውለው። በቀን የስንት ሰው እጅ እንዳጠፋሁ አልነግራችሁም። ይኼ አበባ አይደለም፣ መዳፍ ነው። ያቺን ልጅ እዩዋት፤ አልሰጠችም፣ ተነጥቃለች። እጀታው ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ሌባው በነካው ቦታ ሁሉ እጁ እያሳበቀበት ይሄዳል። ዳኛው ጋ ሲደርስ ምን ሆነ? ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ዳኛው ወንበሩን አየ፣ የልጅቷን መዳፍ አየ። ታሪኩ ይኼ ነው። እናንተ ጽሑፉን አምናችሁ ነው ሌባ የመረቃችሁት።»

«ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ ዱለታ?» አለች ወሰንየለሽ።

ያኔ ሔራን ከወንበሯ ወርዳ ወደ ግድግዳው ሄደች። ማንንም አላየችም። ብርሃኑ ፊቷ ላይ፣ ቀዩም ጸጉሯ ላይ አረፈ። ተንጠራርታ መዳፏን በቀዩ ምልክት ላይ ገጠመችው። አውራ ጣቷ ገጠመ፤ ሦስቱም ገጠሙ፤ ትንሿ ጣቷ ብቻ ከቀዩ አልፋ ወጣች።

«እጅ ነው» አለች ሔራን። «ደግሞ ይቺ ጣት አጭር ናት።»

ልጆቹ ሁሉ ተነሡ። «ሌላውን ገጽ፣ ሌላውን ገጽ» እያሉ ጮኹ። ኮምፒውተሩን የያዘው ጎልማሳ ወሰንየለሽን ሳያይ ገለጠላቸው። በሩ ላይ አጭር። ዳቦው ላይ አጭር። ፈረሱ አንገት ላይ አጭር። አሥራ አራት አሻራ ቆጠሩ።

«ትንሿ ጣቱ ለምን አጠረች እትዬ ወሰንየለሽ?» አለች የትምወርቅ። «የሳለ ሰው ያውቀዋል።»

«ስህተት ነው። ማለቴ፣ ሥዕል ላይ ስህተት ያጋጥማል።»

«አሥራ አራት ጊዜ?»

«ማሽን ነው የቆረጣት» አለ ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ። ሚስ ፋንግ ተነሥታ ነበር። በወንበሮቹ መካከል ቀስ ብላ እየመጣች ያቺን በእርሳስ የተነደፈች ትንሽ መጽሐፍ ከፍ አድርጋ ያዘቻት። «ሰውዬውን አውቀዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለቃዬ ነበር።»

ወሰንየለሽ አየቻት። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ማንም ልብ አላለውም፤ ፊቷ ቀድሞ ተናግሮ ነበር።

አቶ ይርጉ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ ሥዕሉን ማን ሳለው?»

«ሐሳቡን… ማለቴ ኮምፒውተሩ ላይ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት…»

«ማን ሳለው ነው ያልኩሽ።»



ሚስ ፋንግ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ከቦርሳዋ ትንሽ የሸክላ ሣጥንና አውራ ጣት የምታክል ድንጋይ አወጣች። ሣጥኑን ከፈተች፤ ውስጡ ቀይ የማኅተም ቀለም ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሳበች፣ ድንጋዩን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገች፣ ወሰንየለሽ እንግዳ በሚለው ስም ላይ አሳረፈችና ትንፋሿን ይዛ ተጫነችው። አነሣች። ስሙ ከቀዩ በታች ቀረ። ሁለተኛውን ሳበች። አልቸኮለችም። አንድ ሰው ሊያስቆማት ተነሥቶ ነበር፤ አቶ ይርጉ በከዘራቸው መለሱትና መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ያቀብሏት ጀመር። ስድሳውም እስኪያልቅ ኬኩን የቆረሰ የለም። ወሰንየለሽም ሄደች እንዳይባል ሄዳ፣ ቆመች እንዳይባል ቆማ፣ የእያንዳንዱን ድንጋይ ድምፅ ሰማች።

የትምወርቅ አንጀቷ ራሰ። ከሐምሌ ጀምሮ የያዘችውን ክዳን ያኔ ለቀቀችው። ፈሰሰም፣ አልፈሰሰም፣ ግድ አልሰጣትም።

በመጨረሻ ወሰንየለሽ ካፖርቷን ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ ቆም አለች። «ከእኔ ሌላ ፊደል የሚያስቆጥርሽ አታገኚም። እጅሽ ያው መዳብ ነው።»

«ይሁን» አለች የትምወርቅ። «መዳብ መወልወል ሥራዬ ነው።»

መኪና ውስጥ ሔራን ከኋላ ተቀመጠች። አውራ ጎዳናው ላይ ከወጡ በኋላ «ሁሉንም መጽሐፍ አላነበብሽውም?» አለች።

«አንዱንም።»

«ዝንጀሮውንም? ዝንጀሮው ዳንስ የሚማርበትንም?»

«እሱንም።»

ሔራን አሰበች። «ያንቺው ዝንጀሮ ይሻል ነበር» አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች። ክፍሉ ከመሪው ላይ አንድ እጁን አንሥቶ ዓይኑን ጠረገ።

የበቀል ቀን ያልፋል፤ ማግሥቱ ግን የሁሉም ነው። ወሰንየለሽ የአዳራሹን ቁልፍ በፖስታ ለአቶ ይርጉ ላከች፤ የቅዳሜው ትምህርት በዚያው ተዘጋ። ሴቶቹ ለየትምወርቅ ሰላምታ ነፈጓት። ዘርትሁን ብቻ ስልክ ደወለች፤ እሷም ለመውቀስ ነው። «አንቺ ቂምሽን ተወጣሽ። እኛን ግን "መ" ላይ ጥለሽን ሄድሽ።» የትምወርቅ ይህንን ተቀበለች፤ እውነት ነውና። ዳግመኛ ያን ቀን ብታገኘው ግን እንደዚያው ታደርገው እንደነበር አልካደችም።

ሚስ ፋንግ ማኅተሟ ካረፈባቸው መጽሐፎች አንዱን ወሰደች፤ የቀሩትን ማኅበሩ ሰበሰባቸው። በጥር ብሩሾቿን ጠቅልላ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ገመድ ፈታ፣ ጠረጴዛዋን ለሔራን ሰጠች።

«ወዴት ነው?» አለቻት የትምወርቅ።

«ናንጂንግ። ሰውዬው ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ሳይጠፋ ልድረስበት።»

«ይቅር አትይውም?»

«አንቺ ይቅር ብለሻታል?»

ሁለቱም ሳቁ።

በመጋቢት ፖስታ መጣ። ውስጡ ደብዳቤ የለም፤ ቃልም የለም። አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ሔራን «ምን ይላል?» አለች፤ እናቷም አጠገቧ አስቀምጣት አብረው አነበቡት። አንድ ሽማግሌ መስኮት ሥር ተቀምጧል። መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ተገልጧል። አንድ እጁ ገጹን ይዟል፤ ሌላውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደብቆታል። በሩ ላይ የወረቀት ጃንጥላ ተንጠልጥሏል፤ ጥጉ ላይ ቀይ ማኅተም አለ።

«አሳየችው» አለች ሔራን።

«አዎ። አሳየችው።»

ሚስ ፋንግ ወደ ሜስኪት አልተመለሰችም። ወሰንየለሽ ዛሬም ፕሌኖ እዚያው ቤቷ ትኖራለች። ከዘጠኙ ሴቶች ሰባቱ ትምህርቱን ትተው ሄዱ። የትምወርቅና ዘርትሁን ቀሩ፤ በየቅዳሜው በሚስ ፋንግ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ክፍሉ ከሥራ ሲመለስ ያስቆጥራቸዋል፤ አሁን «ሰ» ላይ ናቸው።